ለሚውጥ ጉሮሮ የምትሆን ምላጭ

ጥቅምት 8

ለምወድህ ዋርሳዬ፣ ለባሌ ታናሽ ወንድም፣

ይህች ወረቀት ስትደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ እጅህ የሞቀ፣ ጎረቤትህ ደግ ይሁን። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከሚያንሸራትት ደረጃና ብቻን ከሚበሉት እራት ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ።

ለምን ደብዳቤ እንደጻፍኩ ሳትገረም አትቀርም። በስልክ ስንገናኝ አንተ «ደህና ነኝ» ትላለህ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ዝም እንዳልን መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት ዝም ቢሉትም አይቆረጥም። ፊደሌ ቢንጋደድ ግን አትሳቅብኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ስሜን ከመፈረም ሌላ ብዙም አልጻፍኩ።

ወንድምህ ካረፈ ወዲህ ጸጉር ቤቱን አልዘጋሁትም። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ፎጣዎቹን ቀቅዬ አሰጣለሁ። ማንም ያልነካቸውን ፎጣዎች። ለምን እንደምቀቅላቸው አትጠይቀኝ። ከዚያ ወንበሩን አንድ ዙር አዞረውና ደንበኛ ወረፋ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። እንዲህ ከወንበሩ ጋር ተፋጠን እንውላለን።

ሰው ጠልቶኝ አይደለም። የወንድምህ ደንበኞች ሲያልፉ አንገታቸውን በበሩ አስግገው «እንዴት ነሽ? በርቺ እንጂ!» ይሉኛል። እበረታለሁ። እነሱ ግን የሳምንት ጺማቸውን ተሸክመው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ማዶ የተከፈተው ጸጉር ቤት ልጆች ቶንዶስ እንጂ ምላጭ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ሲወጡ ፊታቸው ታጭዶ ቆረኑ የቀረበት ማሳ ነው የሚመስለው።

አከራዩም ባለፈው ብቅ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያውን ቃኘና፣ «ጸጉር ቤት ማለት ሰው የሚቀመጥበት ነው። የማይቀመጥበት ከሆነ የሚመጣው ክረምት ሲወጣ ለስልክ ጠጋኙ እሰጠዋለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ይህን ክፍል ከለቀቅሁ የማድርበት አላጣም፣ የምውልበት ነው የማጣው።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ምላጩን እኔው እይዛለሁ።

አትሳቅ አልኩህ! ይህን ሁሉ ዘመን አረፋውን የምመታው፣ ጉንጩን በብሩሽ የማለሰልሰው ማን ነበር? ወንድምህ ምላጩን ብቻ አይደል ያነሳ የነበረው? አረፋውን ከእጄ የተቀበለ ጉንጭ ምላጩን ምን ብሎ ይጠየፋል?

የወንድምህን ምላጭ ሞክሬያት ነበር። እሱ ግራኝ አይደል፤ ስንት ዘመን በግራ እጁ ሲያፋጫት ኖሮ አፏ ወደ አንድ ወገን ተበልቶ እንደ አሮጌ ጫማ ተረከዝ ተንጋዳለች። የክንዴን ጸጉር ብሞክርባት ነጨችኝ እንጂ አልላጨችም። እሷም ባሏ ሞቶባታል አልኩና ወደ መሳቢያዋ መለስኳት።

አሮጌ ዕቃ ሻጩ ዘንድ ሦስት የሚታጠፉ ምላጮች አይቻለሁ። አንደኛዋ እጀታዋ ነጭ፣ አበባ የተቀረጸባት፣ ሙሽራ ናት። ሁለተኛዋ ሰፊና ከባድ ሆና ጫፏ እንደ መጥረቢያ ጥግ አለው። ሦስተኛዋ እጀታዋ ጥቁር፣ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ዝገት ያለባት፣ ጫፏ እንደ ጥፍር የዞረ ነው። ልቤ ሙሽራዋን ከጅሏል። አንተ ግን ሙያውን ከወንድምህ እጅ ተምረህ በሰው አገርም በእሱ የምትኖር ሰው ነህ። የትኛዋን ልያዝ?

ደግሞ ፎቶ ላክልኝ። እኔ ዘንድ ያለው ፎቶህ ላይ ገና ጺም አላበቀልክም። ሳስብህ ከጎረምሳ ጋር የማወራ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።

እስከ ዛሬም የወንድምህ ሚስት


ኅዳር 27

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። ከመጣሁ ወዲህ በስሜ የመጣልኝ ወረቀት የመብራትና የውሃ ብቻ ነበር። የፖስታ ሣጥኑ ራሱ ሳይደነግጥ አልቀረም።

ፎጣዎቹን ለምን እንደምትቀቅያቸው አልጠይቅሽም።

ስለ ምላጭ። ሙሽራዋን ተያት። እንዲህ ያለችው ለስጦታ ነው የምትሠራው፤ ሣጥን ውስጥ ስትኖር ታምራለች፣ ፊት ላይ ስትወጣ ታዋርዳለች። ጥግ ያላትንም አትንኪ። እሷ የለመደ እጅ ትፈልጋለች፤ የጀማሪ ዓይን ጉንጩን ሲያይ ጥጓ ጆሮውን ትበላለች። ሦስተኛዋን መርምሪያት። ዝገቱ ጀርባዋ ላይ ከሆነ አያሳስብም፤ አፏ ላይ ነጠብጣብ ካለ ግን ጥለሽ ሂጂ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኚያት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተኝታ ካልተንገዋለለች ቀጥ ያለች ናት። በጣትሽ ላይ እጀታዋና ምላጯ በሚገናኙበት አስቀምጪያት፤ ሚዛኗን ትጠብቅ እንደሆነ እዪ። በመጨረሻ በጥፍርሽ ጫፏን ነካ አድርጊና ጆሮሽን አስጠጊ። ቀጭን የተሠራች ምላጭ ድምፅ አላት። ምን እንደሰማሽ ጻፊልኝ።

እጀታዋ እንጨት ከሆነ እርጥበት ያሳብጠዋልና ሁልጊዜ አድርቀሽ እጠፊያት።

ስለ እኔም ልንገርሽ። ሥራ ደህና ነው። ነጭ ልብስ እለብሳለሁ። ደንበኞቼ ዝምተኞች ናቸው፤ እንደ ጋሼ ደንበኞች አገር ሲያፈርሱና ሲሠሩ አይውሉም። እስከ ዛሬ አበላሸኸኝ ያለኝ የለም። ፎቶውን ሌላ ጊዜ እልካለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 30

ለማትቸኩለው ዋርሳዬ፣

እንደምን ከረምክ? ደረትህን ብርድ እንዳይመታው፣ እግርህም ደረቅ ካልሲ እንዳያጣ እለምናለሁ። ደብዳቤህን ስንት ቀን በዓይኔ ስጠብቅ ፖስተኛው ራሱ ማዘን ጀምሮልኝ ነበር። «እናት፣ ዛሬም የለም» ይለኛል ገና ከሩቅ። ያመጣት ቀን ግን ፖስታውን ወደ ላይ አንስቶ እያወዛወዘ ነው የመጣው።

ሻጩ ዘንድ የእጅ መስታወቴን ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው ምላጯን መስታወት ላይ ሳስተኛት ሲያይ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንቅልፏን እያየሁ።»

«ምላጭ የወንድ ዕቃ ነው እናት። ባልሽ ይምጣና ይምረጥ።»

«ባሌ አይመጣም።»

«ሥራ ላይ ነው?»

«አይ፣ ዕረፍት ላይ።»

ገባው መሰለኝ። በርጩማውን አውጥቶ «ተቀመጪና ምረጪ» አለኝ። ሙሽራዋን መጀመሪያ አስተኛኋት። መስታወቱ ላይ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ተንገዋለለች። አይ መልክ! ስንቷ ቆንጆ እንዲህ ሆና ይሆን አልኩ። ጥቁሯ ግን ለጥ አለች። አፏን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ሚዛኗንም ጣቴ ላይ ጠበቀች። በጥፍሬ ነካ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ምን እንደሰማሁ ልንገርህ። ወንድምህ በጠዋት ሥራ ሲጀምር ምላጩን አውጥቶ በጥፍሩ ይነካት አልነበረ? እኔ ልማድ ነው እያልኩ ምንም ሳልለው ኖርኩ። ያው ድምፅ ነው። ቀጭን፣ ራቅ ብሎ የሚሄድ። እዚያው በርጩማው ላይ ትንሽ ቆየሁ። ሻጩም አላስቸኮለኝም።

ይዣት መጣሁ። ወንበሩ ክንድ ላይ በተንጠለጠለው ጠፍር ሳፋጫት መጀመሪያውኑ የጠፍሩን ጆሮ ቆረጥኩት። ለካ መገልበጥ ያለባት በጀርባዋ ነው፤ እኔ በአፏ ገለበጥኳት። ወንድምህ ቢያይ ኖሮ አይቆጣም፤ ያንን አፍንጫውን ይነፋ ነበር እንጂ። ከዚያ ለልምምድ ፊኛ ነፍቼ፣ አረፋ ቀብቼ መላጨት ጀመርኩ። ግማሹን በሰላም ላጨሁ። ኮራሁና ቀና ብዬ ራሴን በመስታወት ሳይ ዷ! አለ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ማንኪያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። «ተኩስ ነው?» ትለኛለች። አረፋው ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ነበር። ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። እሷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ክፍሉ ከበፊቱ ይልቅ ጭር አለብኝ። ሳቅ ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶ ነው የሚሄደው መሰለኝ።

አሁን ከፊኛ ወደ ሰው መሻገር አለብኝ። ወንድምህን ሲሠራ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግን በግራው ስለሚሠራ ሁሉ ነገር በመስታወት ያየሁት ያህል ተገልብጦብኛል። ከጉንጭ እስከ ጉሮሮ ያለውን አንድ በአንድ ጻፍልኝ። አንተ የምትሠራው በቀኝህ ነው።

ፎቶውን አልረሳሁም፤ ረሳች ብለህ እንዳትደሰት።

የምላጭ ባለቤት የሆንኩት እህትህ


የካቲት 19

ለክብርት እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይጽና። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነበር፤ በብርድ ወራት ይበዛል።

ያልሽኝን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ተኝቼ የምነቃው በእሱ ነበር። አሁን በሰዓት ደወል ነው የምነሳው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክረሽ ጨምቀሽ ፊቱ ላይ አቆዪው፤ ጺሙ ይለሰልሳል። አረፋውን አታብዢው፣ ወፍራም ይሁን እንጂ። በግራ እጅሽ ቆዳውን ወጥሪ። ምላጩን አታስተኚው፣ አታቁሚውም፤ ጀርባው ከጉንጩ የራሱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ። ክብደቱ ራሱ ይሥራ፤ አንቺ አትጫኚው። ከጆሮ ሥር ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ጺሙ በሚተኛበት አቅጣጫ። ከአፍ ጥግ ስትደርሺ በጣትሽ ጉንጩን ወደ ኋላ ሳቢው።

ጉሮሮው ላይ ስትደርሺ ከአንገቱ ሥር ፎጣ ጠቅልለሽ አስገቢ። ራሱ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ከአገጩ ሥር እስከ አንገቱ ግርጌ በአንድ ምት፣ ሳታቋርጪ። መሃል ላይ ከቆምሽ መስመር ይቀራል።

አትቸኩዪ። የሚቸኩል የለም። ደግሞ አናግሪያቸው። እኔ አናግራቸዋለሁ። «ጌታዬ፣ አሁን ወደ ቀኝ እናዞርዎታለን» እላለሁ። ባይመልሱም ማናገር ለእጅ ጥሩ ነው፤ እጅ ይረጋጋል።

ሲያልቅ በቀዝቃዛ ፎጣ ጥረጊ።

ወንድምሽ


መጋቢት 25

ለውድ ዋርሳዬ፣

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ። ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው፤ ውሃ ጠጥተህ ተቀመጥ።

ሰው ተቀመጠ! አናጢው ነው። ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ ሰፈሩ ሁሉ ምስማር ነው የሚለው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ልጁን ሊድር ነውና ቆረን ያለበት ፊት ይዞ ሙሽራዋን መሳም አልፈለገም። በሩ ላይ ቆመና፣

«እትዬ፣ ምላጭ ይዘሻል አሉ።»

«ይዣለሁ።»

«እስካሁን ስንት ሰው ላጨሽ?»

«አንድ ፊኛ።»

«ተረፈ?»

«አልተረፈም።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ወንበሩ ላይ ወደቀ ማለት ይቀለኛል፤ ተቀመጠ አይባልም። ወንበሩ ሲጮህ ሰማሁት። ከወንድምህ በኋላ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሁሉን እንዳልከኝ አደረግሁ። ፎጣ፣ አረፋ፣ ቆዳ መወጠር። እጄ እንድትረጋጋ «ጌታዬ፣ አሁን ወደ ቀኝ እናዞርዎታለን» አልኩት። «ጌታዬ ያልሽው ማንን ነው?» ብሎ ዞረና ኋላውን አየ። ጉንጩ አለቀ፤ እንደ ሐር። የሻይ ቤቷ ሴትዮና ማዶ ካሉት ልጆች አንዱ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ፎጣ ጠቅልዬ ከአንገቱ ሥር አስገባሁ።

«ኧረ እትዬ! ምነው እንዲህ አጋደምሽኝ? ገና በሕይወት አለሁ እኮ!»

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምላጩን ከአገጩ ሥር አሳረፍኩና በአንድ ምት፣ ሳላቋርጥ፣ ወደ ታች ወረድኩ። መሃል ላይ ስደርስ ሰውዬው ምራቁን ዋጠ። ማንቁርቱ ጨርቅ ሥር እንደገባች አይጥ ብድግ አለና ከምላጩ ጋር ተገናኘ።

ጥልቅ አይደለም። ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ ያዝኩበት። ምስማር ቀና ብሎ በመስታወት ራሱን አየ፣ ጉንጩን ዳሰሰ፣ ጉሮሮውን ዳሰሰ።

«ጉንጬ የሕፃን ሆኗል፤ እጅሽ ይባረክ» አለ። «ግን እትዬ፣ ሰው ምራቁን ይውጣል እኮ። ያስተማረሽ ሰው ይህን አልነገረሽም?»

አልነገረኝም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጺሙን ጠርጌ፣ ምላጩን አድርቄ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ደብዳቤዎችህን አወጣሁ። «አይንቀሳቀስም» ብለሃል። «የሚቸኩል የለም» ብለሃል። «ባይመልሱም» ብለሃል። በብርድ ወራት ሥራ ይበዛል ብለሃል፤ ሰው በብርድ ጺሙን ያሳድጋል እንጂ መቼ ይላጫል? ወንድምህ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ምን ያደርግ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ምላጩን አንስቶ ይቆም ነበር። «ዋጥ» ይል ነበር። ሰውዬው ሲውጥ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንተም ይህን ታውቅ ነበር፤ አብረኸው ሠርተሃል። ይህን የሚያስረሳ ምን ዓይነት ደንበኛ ነው?

ወንድሜ፣ የምትላጫቸው ሰዎች ይተነፍሳሉ?

ተቆጥቼ አይደለም የምጠይቅህ። ከልቤ ነው።

እህትህ


ግንቦት 30

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ባለህበት።

ፖስተኛው አሁን ከሩቅ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ስልክም ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ምነው ባልጠየቅኩት እያልኩ ነው። ምላሴ ከአፌ ሞልቶ የሚፈስ መሆኑን ወንድምህም ይነግረኝ ነበር።

አንተ ካልመለስክ እኔ ልናገር። ሕመሙ ሲጠናበት ወንድምህ ብዙ ቀን ሳይላጭ ተኛ። ያንን ሁሉ ጉንጭ ያለሰለሰ ሰው፣ ሲያርፍ የሚላጨው ጠፋ። ማዶ ያሉትን ልጆች ለመንኳቸው፤ ፈሩ። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ናቸው። ከሱቅ የፕላስቲክ መላጫ ገዝቼ እኔው ላጨሁት። አረፋውን መታሁ፣ ብሩሹን ያዝኩ፤ ይህን አውቃለሁ። መላጫዋ ግን እየጎተተች አስቸገረችኝ። ከመንጋጋው ሥር አንድ ቦታ ሳትኩ። ያየሁት በኋላ ነው። ጊዜ አልነበረም፤ እንዲያው ሄደ። እሱ የደንበኛ ፊት ላይ አንዲት ጸጉር ብትቀር ከመንገድ ጠርቶ የሚመልስ ሰው!

ምላጭ መያዝ ያማረኝ ለአከራዩ ስል ብቻ ይመስልህ ነበር?

ስለዚህ ሥራህ ያ ከሆነ የማፍርብህ እንዳይመስልህ። እንዳንተ ያለ ሰው በዚያን ቀን በሬን ቢያንኳኳ እግሩን እስም ነበር።

ምስማር በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «ልጄን ዳርኩ፣ አሁን ብሞትም ግድ የለም» ብሎ ተቀመጠ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጥተዋል። አሁን ጉሮሮ ላይ ስደርስ አነሳና «ዋጡ» እላለሁ።

ደብዳቤ ቢያቅትህ ባዶ ፖስታ ላክ። እጅህ ማጣበቁን ልወቅ።

እህትህ


ሐምሌ 17

እትዬ፣

ሰላምታ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። ፈጣሪ ያቆይሽ።

አይተነፍሱም።

መጀመሪያ የገባሁት እውነተኛ ጸጉር ቤት ነበር። እሱ ተዘጋ። ከዚያ ምላጭ መያዝ የሚችል ሰው ይፈለጋል ተባልኩና ሄድኩ። ክፍሉ መስኮት የለውም። የብረት ጠረጴዛዎች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መብራት። ሰው ሲሞት ወደ እኛ ያመጡታል። አጥበዋለሁ፣ እላጨዋለሁ፣ ጸጉሩን አበጥራለሁ፤ ከዚያ ቤተሰቡ ገብቶ ያየዋል፣ ይሰናበተዋል። እነሱ ሲገቡ እኔ በኋላ በር እወጣለሁ። ማን እንዳበጠረው የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም የለባቸውም። «ተኝቶ ይመስላል» ሲሉ ግን ከበሩ ኋላ እሰማለሁ።

ውሃውን አሞቃለሁ። አለቃዬ «ለምን ታሞቃለህ? አይሰማቸውም እኮ» ብሎኝ ያውቃል። አንቺ ያልተነካ ፎጣ የምትቀቅዪው ለምን ከሆነ፣ እኔም ለዚያው ነው የማሞቀው።

ለእናንተ ጸጉር ቤት ነው ያልኩት አንዴ ነው፤ ከዚያ ዝም ብዬ ተውኩት። አንድ ቤት የምንጋራው ሰው ሥራዬን ካወቀ ጀምሮ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለብቻው ያስቀምጣል። ሰላም ሲለኝ ራሱን ነቅንቆ ነው፤ እጁን አይሰጠኝም። አንቺም ደብዳቤዬን በጣትሽ ጫፍ ትይዢው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። የመጋቢቱ ወረቀትሽ ሲመጣ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ፤ አከታትዬም ብዙ ቀን ይዤው ዋልኩ።

ጋሼ ያረፈ ቀን የነገርሽኝ በሥራ ሰዓት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው በዕድሜ እሱን ያክላል። ምላጩን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ሲሠራ ተቀምጬ ሳየው የኖርኩት እጅ ነው፤ ግራዬ አወቀችው። ቀስ ብዬ፣ ከመንጋጋው ሥር ሳይቀር፣ አንድም ቦታ ሳልስት ላጨሁት። እዚያ ከአንቺ እጅ ያመለጠችው ቦታ እዚህ አላመለጠችም እትዬ። ለማን እንደላጨሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፎቶ ያልላክሁልሽ ጺሜ ደረቴ ስለደረሰ ነው። ምላጭ ወደ ራሴ ፊት ማንሳት ካቃተኝ ቆየሁ። ሌላ ጸጉር ቤት ድረስ ሄጄ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ፎጣ ሲያደርጉለት አየሁና ተመለስኩ። የሚሞቅ እጅ ፊቴን ከነካው ስንት ጊዜ እንደሆነው አላስታውስም። ጉሮሮ እንደሚውጥ የረሳሁት ለዚህ ነው። አናጢውን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

መስከረም ላይ የምወስደው ፈቃድ አለኝ። ሁልጊዜ ለሌላው እለውጠው ነበር። ልምጣ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ እንደገና ጻፍኩት። ልምጣ?

ወንድምሽ


ነሐሴ 20

ለገዛ ወንድሜ፣

ሰላምታ አላበዛም፤ ሰላምታውን ስትመጣ በአካል እጨርሰዋለሁ።

ደብዳቤህን በጣቴ ጫፍ አልያዝኩትም። ሳነበው በሁለት እጄ ነበር፤ ስጨርስ ጉያዬ ከተትኩት። አሁንም እዚያው ነው።

ወደ ቤትህ ለመምጣት ልምጣ ብሎ መጠየቅ ማን አስተማረህ? ከመጋረጃው ኋላ ያለውን አልጋህን አራግፌዋለሁ። እኔ ቤት ብርጭቆዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የማን የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ። ምስማርን ይቅርታ ጠየቅሁልህ። «እንዲያ ዓይነት ሰው ካለ ቶሎ ይምጣ፣ ዘግይቶ ከሚደርስልኝ በቁሜ ልተዋወቀው» ብሏል። አከራዩም ስለ ስልክ ጠጋኙ ማንሳት ትቷል፤ ሲያልፍ አገጩን እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ይቀመጣል።

ስለ ግራ እጅህ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያቺ ከመንጋጋው ሥር የሳትኳት ቦታ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ከልክላኝ እንደኖረች ለማንም አልነገርኩም ነበር። ትናንት ተኛሁ። የወንድምህ ምላጭ መሳቢያዋ ውስጥ ናት፤ ለእኔ ቀኝ እጅ እምቢ ያለች ለአንተ ግራ እጅ እሺ ትል እንደሆነ ራስህ መጥተህ ትጠይቃታለህ።

መጀመሪያ ግን ትቀመጣለህ። ጺምህን እዚያ እንዳታስነካው፤ እንዳለ ይዘኸው ና። በአውሮፕላኑ የሚፈራህ ቢኖር ይፍራ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለህ ነው የምትቀመጠው፤ ከአንገትህ ሥር ፎጣ አላስገባም። ፎጣውን ከድስቱ አውጥቼ ፊትህ ላይ አደርጋለሁ፤ ትኩስ ነው ብለህ ብትጮህ ደስ ይለኛል። አውራ፣ አቋርጠኝ፣ አስነጥስ፤ ዞር እላለሁ። በጥቁሯ ምላጭ ከጆሮህ ሥር ጀምሬ እወርዳለሁ።

ጉሮሮህ ላይ ስደርስ ምራቅህን መዋጥ ካማረህ ዋጥ። እኔ ምላጩን አንስቼ እጠብቃለሁ።

እትዬህ